የዮሐንስ ፊት በኮዱ መሐል

መጋቢት 15

የወንድሜ የዮሐንስ አርባ አለፈ። ሰዉ ከቤታችን ሲወጣ ነስሮን እየጨበጠ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለው ነበር። እኔ ወንበር አጥፌ እደረድራለሁ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ አድርገው «ጎበዝ፣ የጎረቤት ልጅ ነህ?» አሉኝ።

ነስሮ የዮሐንስ የሥራ ባልደረባ ነው። ፈረስ መጋላ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ለካፌው፣ ለእንግዳ ማረፊያው፣ ለልብስ ሰፊው ድረ ገጽ ይሠሩና ያንን ጥቁርና ነጭ ኪውአር ኮድ በተለጣፊ ወረቀት አትመው በሩ ላይ ይለጥፋሉ። ሰው የስልኩን ካሜራ ሲደቅንበት ገጹ ይከፈታል። ነስሮ ደንበኛ ያመጣል፣ ያትማል፣ ይለጥፋል። ገጹን የሚሠራው ዮሐንስ ነው። «ነው» ብዬ ጻፍኩ። ነበር።

ማታ እናቴ የዮሐንስን ስልክ ከሣጥን አወጣችው። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ዮሐንስን ይዞ ከተገለበጠው ሚኒባስ ውስጥ ጥጉ ብቻ ተሰንጥቆ ነው የወጣው። «ላንተ ይሁን ኪዱ» ብላ ሰጠችኝ። ነስሮ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

«ይከፈታል?» አለኝ።

«አይከፈትም። መክፈቻውን አላውቀውም።»

«ቁልፉን ይዞት ሄደ ልጄ» ብላ እናቴ አለቀሰች። ነስሮም አብሯት አለቀሰ።

አውቀዋለሁ። አንድ አልጋ ላይ አብሬው እየተኛሁ ጣቱን ሳይ ነው ያደግኩት። ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ በሰያፍ ወደ መሐል። ለምን እንደዋሸሁ እንጃ። ስልኩ ገና እጄ ላይ ሳይሞቅ ነስሮ እጁን ስለዘረጋ ይሆናል።

መጋቢት 18

ነስሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ላይ ጠበቀኝ።

«ስማኝ ኪዱ። ገጾቹም ኮዶቹም ያሉት በዮሐንስ አካውንት ውስጥ ነው። መግቢያው ያለው ስልኩ ላይ ብቻ ነው። የከፈለበት ጊዜ ሊያልቅ ነው፤ ካለቀ በየበሩ ያለው ኮድ ሁሉ ባዶ ይሆናል። እኔን ምንም አይደለም። ሰዉ ‹ዮሐንስ አታሎን ሞተ› እንዳይል ነው የፈራሁት።»

«ካልተከፈተ ምን ላድርግ?»

«ሲሙን አውጥተን በሌላ ስልክ ብንሞክርስ?»

«እናቴ ሲሙ እንዲወጣ አትፈልግም።»

እናቴን አልጠየቅኳትም።

ገባና ደግሞ «እማ፣ እንዴት ዋሉ?» አላት። ዮሐንስ እያለ «እትዬ ተናኘ» ነበር የሚላት። መቼ ነው «እማ» የሆነችው? ማን ፈቀደለት?

መጋቢት 22

ስልኩ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች በሙሉ አየሁ። ዮሐንስና ነስሮ ኤረር በር ሥር። ዮሐንስና ነስሮ ባጃጅ ውስጥ ማንጎ ሲበሉ። ነስሮ መሰላል ላይ፣ ዮሐንስ መሰላሉን ይዞ ሲስቅ። እኔን ፈለግኩ። አንድ አገኘሁ፤ ደጃፍ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ጫማዬን ሳስር። ሊያነሳ የፈለገው ድመቷን ሳይሆን አይቀርም፤ እሷ ጥርት ብላ ትታያለች።

አምና ሱቅ ውሰደኝና አስተምረኝ ብዬው ነበር። «አንተ ማትሪክህን እለፍ፣ ይሄ የትም አይሄድም» አለኝ። ነስሮን ግን ማተሙን አስተማረው። ነስሮ እኮ አሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጠው።

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

መጋቢት 25

የሒሳብ ሞዴል ፈተና። ግማሹን ባዶ ሰጠሁ። መምህሩ ወረቀቴን አይተው ምንም አላሉኝም፤ ሐዘን ላይ ነው ብለው ነው።

አካውንቱ ውስጥ ገባሁ። ሁሉም በስም በስም ተደርድሯል፦ የዓብዱላሂ ካፌ፣ የእማማ ሳዳ እንግዳ ማረፊያ፣ አቦከር ያለው ፀጉር ቤት፣ ሌላም ሌላም። የእኔን ስም ፈለግኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ሱቅ የለኝ፣ ድረ ገጽ የለኝ። ከላይ በቀይ ክፍያው ሊያበቃ እንደሆነ ተጽፏል። ያን ጊዜ ተነስቼ ነስሮ ቤት መሄድ እችል ነበር። ዘጋሁትና ፊዚክስ አነበብኩ። አነበብኩ ማለት መጽሐፉ ተገልጦ ነበር።

ሚያዝያ 1

ጠፋ።

ዓብዱላሂ ካፌ ሻይ እየጠጣሁ አንድ ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮድ ቢደቅን፣ ቢደቅን፣ «አገልግሎት ላይ አይደለም» ይለዋል። ዓብዱላሂ ከባንኮኒው ኋላ ጮኸ፦

«አቦ እሱን ተወው! ሠሪው ሞተ፣ እሱም ተከትሎት ሞተ!»

ሳቁ። ዓብዱላሂ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወዲያው «ነፍሱን ይማረው፣ ጥሩ ልጅ ነበር» አለ። ቀጥሎ ግን «ዓመት ሙሉ ይሠራል ብሎን ነበር እኮ ወላሂ» አለ። ጥግ መቀመጤን አላየኝም። ሻዬን ትቼ ወጣሁ።

ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

እናቴ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አንድ ድስት አላት። ከአያቷ ጀምሮ ለሙስሊም እንግዳ ብቻ የሚወርድ ነው። «የእንግዳ ድስት» ነበር የምንለው። ዛሬ ጠዋት «የነስሮን ድስት አውርድልኝ» አለችኝ።

ነስሮ ብርቱካንና ለስላሳ ይዞ መጣ፤ እናቱ እትዬ ዘቢባ ልካው ነው። እናቴ ዶሮውን አልቀመሰችም። ለእሱ ግን ቆማ ሽሮ ሠራች፤ በፋሲካ ቀን። እጁን ሲታጠብ ውሃ ያፈሰስኩለት እኔ ነኝ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ሳላሞቀው።

«ብላልኝ እስኪ» አለችው። «አንተን ሳይህ ዮሐንስ ያለ ይመስለኛል።»

የዮሐንስ አፍንጫ ያለኝ እኔ ነኝ። ጆሮውም። እኔን ስታይ ማን ያለ ይመስላታል?

ጠግቤያለሁ ብዬ ተነሳሁ። ምንም አልበላሁም ነበር።

ሚያዝያ 13

ከትምህርት ቤት ስወጣ በየበሩ እየዞርኩ ኮዶቹን መሞከር ልማድ ሆኖብኛል። መሞታቸውን አውቃለሁ፣ ግን እሞክራለሁ። ዛሬ ኤረር በር አጠገብ ያለው የእማማ ሳዳ እንግዳ ማረፊያ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የነስሮ ድምፅ ሰማሁና ግድግዳው ሥር ቆምኩ።

«ፈረንጆቹ ስልካቸውን ይደቅኑና ይሳሳቁብኛል» ይላሉ እማማ ሳዳ። «ያ ልጅ እንዲህ ያዋርደኛል ብዬ አላሰብኩም። ሱብሃነላህ፣ ሞቶ ምን እለዋለሁ?»

«የዮሐንስ ጥፋት አይደለም። እሱ አስተካክሎ ነው የሠራው። እኔ ስነካካ ነው ያበላሸሁት።»

«አንተ? ለጓደኛህ ብለህ ነው። ወላሂ በል እስኪ።»

ቆየ። እግሬ ሥር ያለውን ጠጠር እንኳ ለማንቀሳቀስ ፈራሁ።

«ወላሂ» አለ።

ነስሮ በውሸት አይምልም። ዮሐንስ ራሱ «ነስሮ ወላሂ ካለህ ሂሳቡን አትመልከት» ይል ነበር። ዛሬ ማለ። ለወንድሜ ስም እሱ ይህን አደረገ፤ እኔ ኪሴ ውስጥ ስልኩን ጨብጬ ቆሜያለሁ። ሰው ብሆን ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ጠላሁት። የማዝንበትን ቦታ እንኳ ቀድሞ ይይዝብኛል።

ሚያዝያ 21

ዓብዱላሂ መንገድ ላይ ጠራኝ። «ዋሪያ! አንተ የዮሐንስ ወንድም ነህ አይደል? ነስሮ ነው አሉ ያበላሸው። እውነት ነው?»

«ነስሮ ከማተም ሌላ ምንም አያውቅም» አልኩት።

ውሸት አይደለም። ገጽ መሥራት አያውቅም። እስከ አቦከር ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ቤት ስገባ አልነበረም፣ ደስታው።

ግንቦት 1

ሱቃቸው ከተዘጋ ሰነበተ። ነስሮ የአጎቱን ባጃጅ ይነዳል አሉ።

«ነስሮ ምነው እግሩን አጠፋ?» አለች እናቴ። «አስቀይመኸዋል?»

«እኔ ምን አገባኝ?»

«ኪዳነወልድ፣ ጠየቅኩህ።»

ሙሉ ስሜን የምትጠራው ስታውቅ ነው።

ግንቦት 6

ሲነጋ የኬሚስትሪ ሞዴል አለ፣ አላነበብኩም። ግን መፍትሔውን አግኝቻለሁና ልጻፈው።

ኮድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የድረ ገጹን አድራሻ በቀጥታ በውስጡ የያዘ ነው፤ አንዴ ከታተመ አይቀየርም፣ ጊዜውም አያልቅም። ሁለተኛው በሌላ ድርጅት በኩል ያልፋል፤ ከታተመ በኋላም የሚወስድበትን ቦታ መለወጥ ይቻላል፣ ግን ክፍያው ሲቆም ይቆማል። ዮሐንስ ሁሉንም በሁለተኛው ነው የሠራው። ካፌዎች በየሳምንቱ ዋጋ ስለሚቀይሩ እሱን መረጠ። እሞታለሁ ብሎ አላሰበማ። ክፍያው ቢቆምም ገጾቹ አካውንቱ ውስጥ እንዳሉ ናቸው።

ስለዚህ ገጾቹን አንድ በአንድ ከአካውንቱ እየገለበጥኩ ነፃ ወደሆነ ቦታ አዛውራለሁ። ለእያንዳንዱ ቀጥተኛ ኮድ እሠራለሁ። አትሜ እለጥፋለሁ። ብቻዬን። ነስሮ ባጃጁን ይንዳ።

እና በየኮዱ መሐል የዮሐንስን ፊት አስገባለሁ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ምልክታቸውን መሐል ያስገቡ የለ? መሰላሉን ይዞ የሚስቅበትን ፎቶ ቆረጥኩት። ነስሮ ያለበትን በኩል አወጣሁት። ሰው ኮዱን ሲያይ ማን እንደሠራው ይወቅ። በትንሹ አይደለም፤ ጥርሱ እስኪታይ።

ግንቦት 11

ኬሚስትሪው አይወራም።

ታተመ! ሸዋ በር ካለ ማተሚያ ቤት። ፎቶውን ሳላስገባ ሞክሬው ነበር፣ እሺ ብሎ ይከፍታል። ካስገባሁ በኋላ ምን ይሞከራል፤ እንዴት እንዳማረ!

ግንቦት 14

ለጠፍኩ። ከፈረስ መጋላ እስከ ኤረር በር፣ ከዚያ አቦከር። እግሬ አብጧል። በየበሩ «አንተ ማነህ?» ሲሉኝ «የዮሐንስ ወንድም» እላለሁ። እማማ ሳዳ ፊቱን ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። «በራፌ ላይ የሰው ፊት» ብለው ትንሽ አቅማሙ፤ ከዚያ «እሺ፣ ለእሱ ሲባል» አሉ። ዓብዱላሂ ሻይ በነፃ ሰጠኝ።

ከተማው ውስጥ በየመንገዱ ወንድሜ ይስቃል። የሠራሁት እኔ ነኝ።

ግንቦት 20

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ካፌው በር ላይ አይታው፣ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ሳመችው። ሰዉ ቆሞ እያየ።

«ነስሮ ነው አይደል?» አለች። «ዝም ብሎ ጠፍቶ ይሄን ሲሠራልኝ ነበር! የእኔ ጌታ! ቆይ ልደውልለትና ልመርቀው።»

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ካልኩ «በምን ሠራኸው? ፎቶውን ከየት አመጣኸው?» ትላለች። አፌን ዘጋሁ። በግድግዳው በኩል ስትመርቀው ሰማሁ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ልጅ ልጆቹ ሁሉ። ሚስት እንኳ የለውም እኮ።

ግንቦት 21

ነስሮ ትምህርት ቤቱ በር ላይ በባጃጅ ጠበቀኝ።

«ግባ።»

ገባሁ። ሞተሩን አላስነሳውም።

«ያን ፎቶ ያነሳሁት እኔ አይደለሁም» አለ። «መሰላሉ ላይ ነበርኩ። አስተናጋጁ ነው በዮሐንስ ስልክ ያነሳን። ከዚያ ስልክ ሌላ ቦታ የለም።»

መንገዱን እያየ እንጂ እኔን እያየ አልነበረም።

«ለጥፈህ ስታበቃ አንዱን እንኳ ሞክረሃል?»

«ምኑን?»

«አያነብም ኪዱ። አንዱም። ትንሽ ቢሸፈን ችሎ ያነባል፤ አንተ ግን የኮዱን ሆድ በሙሉ ነው የሸፈንከው። ዓብዱላሂ ሜኑውን በወረቀት ጽፎ ሰቅሏል፤ ኮዱን ግን አልላጠውም። ‹የሟች ፊት በጥፍሬ ልፋቅ እንዴ?› ይላል። እማማ ሳዳ ሶላት ሲደርስ ሻሽ ይጥሉበታል፣ ሲጨርሱ ያነሱለታል። ሁሉም ተሸክሞት ተቀምጧል፣ ማንም ደፍሮ አይነግርህም።»

ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። የሚጎዳውን ፈለግኩና «እናቴ የመረቀችው አንተን ነው» አልኩት።

«አዎ፣ ደወሉልኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበላቸው?»

አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ዮሐንስ ስለ አንተ እንዲህ ይል ነበር፣ ይወድህ ነበር፣ የሆነ ነገር። እሱ ግን ስለ ወረቀቱ ነው ያወራው። ያ የሸዋ በር ወረቀት ዝናብ አይችልም አለኝ። አቦከር ድረስ አደረሰኝና ሄደ።

ግንቦት 24

ለምን አልጮኸብኝም? ቢጮህብኝ ይቀለኝ ነበር።

ግንቦት 27

ሱቁ ሄድኩ። ነስሮ አቧራ እየጠረገ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መክፈቻውን ፊት ለፊቱ ሳልኩት። ቀስ ብዬ፣ እንዲያየው። ተከፈተ። አላመሰገነኝም፣ አልወቀሰኝም። ወንበር ሳበልኝ፤ ኮምፒውተሩ ፊት ያለውን።

«ገጾቹን ቆንጆ አድርገህ ነው ያዛወርካቸው» አለኝ። «እኔ አልችልም ነበር። አሁን ፊቱን አሳንስ።»

አሳነስኩ። ነስሮ በስልኩ ሞከረ። አያነብም። ጥርሱ እስካሁን ይታያል። እንደገና አሳነስኩ። አያነብም። ዓይኑ ሁለት ነጥብ ሆነ። አያነብም። አንድ ቦታ ላይ እጄ ቆመ። ነስሮ አልገፋፋኝም። ላብ በላብ ሆኗል፣ ከንፈሩ ደርቋል፤ ውሃ ብሰጠው እምቢ አለ።

«ጾም ነህ እንዴ? ረመዳን ካለፈ ስንት ጊዜው ነው?»

«ያለብኝን እየከፈልኩ ነው።»

«የማንን?»

«አቦ አሳንስ፣ አትጠይቀኝ።»

አሳነስኩ። ሽምብራ ሲያክል ስልኩ ጢት አለና የእማማ ሳዳ ግቢ፣ ቀይ ምንጣፉ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሳህኖች፣ ሁሉም ቦግ አሉ። ዮሐንስ የጻፈው ጽሑፍ ከነስህተቱ።

ስክሪኑን አጠገቤ አድርጌ አየሁት። አፍንጫ የለ፣ ሳቅ የለ። ማንም ሊሆን ይችላል።

«ይሄ እሱ አይደለም» አልኩ።

«አይደለም» አለ ነስሮ። «ግን ይከፍታል።»

እዚያው ሱቅ ውስጥ አለቀስኩ። ከአርባው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ነስሮ ማተሚያውን አስነሳው፣ ድምፁ ስለሚሸፍን ይመስለኛል።

ሰኔ 1

ስልኩ እንደሚከፈት ለእናቴ ነገርኳት። በየበሩ የለጠፍኩትም እኔ መሆኔን። ምስር መልቀሟን አላቆመች። ለምን ዋሸህ አላለችኝም።

«ነስሮ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ከኔ በፊት?»

«ከአንቺ በፊት።»

«ደግ» አለች። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔን አላቀፈችኝም። ምስሩን ግን ስትሰጠኝ እጇ እጄ ላይ ትንሽ ቆየ።

ዓብዱላሂ ጋም ሄጄ ነስሮ እንዳላበላሸው ነገርኩት። «ታዲያ ማነው?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። «ባህ!» ብሎ ቆሞ ቀረ።

ሰኔ 4

ማትሪክ ቀርቧል። ግን ዛሬ ለጠፋ ነበር።

የድሮውን መላጥ ማንም አልፈለገም። ዓብዱላሂ «እኔ አላይም» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ነስሮ ምላጩን ይዞ ቆመና ለእኔ አቀበለኝ። ሙቅ ውሃ በጨርቅ እያደረግኩ ከጠርዝ ጀመርኩ። ግንባሩ መጀመሪያ ተነሳ። በአንዳንዱ በር ላይ ወረቀቱ ተቀደደና በቁራጭ በቁራጭ ነው የወጣው። ቁራጮቹን መሬት አልጣልኩም፤ ኪሴ ሞልቷል። የት እንደማደርጋቸው አላውቅም።

መጨረሻ እማማ ሳዳ ጋ ደረስን። በራፋቸው ላይ ሻሹ እንደተሰቀለ ነበር። አነሱልኝ፣ ላጥኩት፣ ነስሮ አዲሱን ለጠፈ፤ በመዳፉ ከመሐል ወደ ጠርዝ እየዳበሰ አየሩን አስወጣ። አንዲት ቻይናዊት እንግዳ ከውስጥ ወጥታ ስልኳን ደቀነች። ከፈተላት። እማማ ሳዳ በእልልታ ፋንታ «አልሃምዱሊላህ!» ብለው ሁለታችንንም በየተራ ጀርባችንን መቱን፤ እሱን ትንሽ አጥብቀው። አየሁ። አሁንም አያለሁ እንዲህ ያለውን።

ለነስሮ «ያ መሐላህ» ብለው ጀመሩ። ነስሮ «አለቀ፣ በጾም ተከፈለ» አላቸው። ከዚያ ወደ ኮዱ ጠጋ ብለው ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ይቺ መሐሉ ላይ ያለችው ምንድን ናት? ዝንብ ናት?»

«ወንድማችን ነው እማማ ሳዳ» አለ ነስሮ።

አላረምኩትም።